ከጎን የተሣለችው ተጓዥ

ያለፈውንም የሚመጣውንም ዘመን በአንድ እይታ የሚያይ፣ ነገ የማይሰወርበት እግዚአብሔር ስሙ ይክበር፣ ይመስገን። ነገን የሚያውቅ ከእርሱ በቀር የለምና፣ ስለ ነገ የተሣለ አንድ መጽሐፍ በደብራችን ያስነሣውን ክርክር ለመጻፍ ስነሣ ስሙን ማስቀደም ተገባኝ።

መጽሐፉን የሠራችው የክርስትና ልጄ ናት። ሚዛን ተፈሪ ተወልዳ አደገች፤ ቴፒ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ተምራ ተመለሰች፤ አሁን በከተማችን ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ለልጆች ሥዕል ታስተምራለች። አዲስ አበባ ካለ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ሥራ ተገኝቶላት ሳለ ያልሄደችው ለዚህች ቅዳሜ ስትል እንደሆነ እናቷም እኔም እናውቃለን። እናቷ ይህን ነገር እስከ ዛሬ ይቅር አላለቻትም። እኔም በዚህ በምተርከው ነገር ውስጥ ሊጠፋ የነበረው ያ የቅዳሜ ትምህርት መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ እንዲያውቅልኝ እወዳለሁ።

እኔ ጎጃም ውስጥ ዜማና ቅኔ የተማርኩ፣ በወጣትነቴ ወደዚህ አገር የመጣሁ፣ በአንድ ደብር ሳገለግልና ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጭቃው ከቀሚስ ጫፍ የማይለቅበትን፣ ዝናቡ በበጋም የማይታመንበትን ይህን ምድር አገሬ ካደረግሁት ብዙ ዘመን ሆኖኛል። የተማርኩት ትምህርት ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ነው፤ አባቶች ምን አሉ፣ እንዴት ኖሩ፣ እንዴት አለፉ የሚል ነው። ስለዚህ የክርስትና ልጄ መጽሐፉን አምጥታ በጉልበቴ ላይ ስታኖርልኝ ከየት እንደምጀምር አላወቅሁም።

እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት ወጣቶቹ ኮሚክ ይሏቸዋል። ገጹ በመስኮት በመስኮት ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ መስኮት ሥዕል አለ፤ ሰዎቹም የሚናገሩት ከአፋቸው በሚወጣ ደመና ውስጥ ይጻፋል። የእርሷ ደግሞ ከእነዚህ መካከል የተለየ ወገን መሆኑን ነገረችኝ።

«አፍሮፊውቸሪዝም ይባላል፣ የኔታ።»

«ይህን ስም ማን አወጣለት?»

«እሱን ተዉትና ነገሩን ልንገርዎት። ስለ መጪው ዘመን የሚጻፉ ታሪኮችን ብዙ አንብቤያለሁ። ሰማይ ላይ ከተማ ይሠራል፤ ኮከብ ላይ ሰው ይሰፍራል። የእኛ ሰው ግን የለበትም። አልቀን የጠፋን ነው የምንመስለው። አሁን አፍሪካውያንና በየአገሩ ያሉ ጥቁሮች እኛም አለንበት እያሉ ራሳቸውን እየሣሉ ነው። የእኔም እንደዚያ ነው።»

«ያልመጣውን ዘመን መሣል ግን እንደ ሟርት አይሆንም?»

ሣቅ አለች። «ሟርትማ እኛን ከዚያ ማጥፋት ነው፣ የኔታ» አለችኝ። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ።

ታሪኩ ይህ ነው። ዘመኑ እጅግ የራቀ ነው። አንዲት የሸኮ ተወላጅ ሴት የቡና ችግኝና የኮረሪማ ዘር ይዛ በሰማይ መርከብ ወደ ሌላ ዓለም ትጓዛለች። መርከቢቱ በጫካችን ረጃጅም ዛፎች ላይ የሚሰቀለውን የንብ ቀፎ ትመስላለች፤ ሞላላ ናት፤ በሐረግ የታሰረች ያህል ዙሪያዋ ተጠላልፏል። ከደረሰችበት ዓለም ሰዎች የሚኖሩት በመስታወት ጣሪያ ሥር ነው፤ የሚተነፍሱት አየር በቧንቧ ይመጣላቸዋል። የቧንቧው ጌታ አንድ ነጭ የለበሰ ሰው ነው። በየአደባባዩ በተሰቀለ ስክሪን ላይ እየወጣ ለሕዝቡ ለስላሳ ቃል ይናገራል። ሴቲቱ ችግኟን ከተከለች ግን ዛፉ አየር ይሰጣል፤ ሕዝቡም ከቧንቧው ይላቀቃል። ሰውየው ይህን ሲያውቅ ያሳድዳታል፤ በመጨረሻም ችግኙ የተተከለበትን ሰፈር አየር ይዘጋበታል። ሕዝቡ በችግኙ ዙሪያ ተሰብስቦ በቅጠሉ ትንፋሽ ይተርፋል። ሴቲቱ የቀረውን ዘር ይዛ ወደ ሌላ ዓለም ጉዞዋን ስትቀጥል ክፍል አንድ ያበቃል።

መጽሐፉ በአዳራሹ የመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ወጣቶቹ ሲያነቡት በአጠገባቸው ተቀምጬ አዳምጫለሁ። ወላጆቹ ከሸኮ የመጡ አንድ ተማሪ መርከቢቱን ባየ ጊዜ ከወንበሩ ተነሣ።

«ይህ እኮ የአያቴ ቀፎ ነው! አያቴ ፓይለት ነበር ማለት ነው!»

«አያትህ ከዛፍ ሲወድቅ ነው እንጂ ሲበር መች ታየ» አለው ጓደኛው።

«ወድቆም አልሞተም። አንተ ከባጃጅ ወርደህ እንኳ ታነክሳለህ።»

ሌላዋ ደግሞ በጭንቀት፣ «ቡና ሰማይ ላይ ከበቀለ የእኛን ማን ይፈልገዋል?» ብላ ጠየቀች። ከዩኒቨርሲቲው ግቢ የመጣ አንድ የፊዚክስ ተማሪ ቀፎ በፍጥነት ሲበር ከአየሩ የሚነሣውን ሙቀት እንደማይችል ሊያስረዳ ጀመረ፤ ሁሉም ዝም እንዲል ጮኹበት። ከማጂ የመጣች፣ እዚህ ዘመድ ቤት ተቀምጣ የምትማር ልጃገረድ ግን መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አነበበችና ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ጀመረች። ስለ መጪው ዘመን የሚያወሩትን ያህል ስለ ራሳቸው ደጃፍ ያወሩ እንደነበር አስተዋልኩ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሚፈልጉት ሰማይን አልነበረም፤ ከሰማይ ላይ የሚታየውን የራሳቸውን ቤት ነበር።

የታላላቆቹ ነገር ግን ሌላ ሆነ። ልጆቻቸው ወደ ቤት የወሰዱትን መጽሐፍ ገልጠው ያዩ ምእመናን ቅር ተሰኙ። መጀመሪያ በማኅበር ላይ፣ ቀጥሎም ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ፣ «ጻድቁን አዋርዳ ሰይጣኒቱን አነገሠች» የሚል ወሬ ሰማሁ። የትኛው ጻድቅ እንደሆነ ግራ ገባኝ። በመጽሐፉ ውስጥ ጻድቅ የሚባል ሰው አላየሁም ነበር።

የነገሩን ምሥጢር የነገሩኝ እማሆይ ናቸው። እማሆይ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የሚኖሩ፣ የአዳራሹን ቁልፍ የሚጠብቁ መነኩሲት ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ የቅዱሳንን ታሪክ ግን ከቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ሥዕል በሥዕል ያውቁታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቤቴ መጥተው በሩ አጠገብ ቆሙ፤ ግቡ ብላቸው አልገባ አሉ።

«የኔታ፣ ተሳልሜዋለሁ» አሉኝ።

«ማንን ነው እማሆይ?»

«ያንን ሰው። ብርሃን የከበበውን። አዳራሹን ስጠርግ መጽሐፉ ተከፍቶ አገኘሁት። ነጭ ለብሶ፣ ፊቱ እንደ ጨረቃ ሞልቶ አየኝ። ጻድቅ ነው ብዬ ተሳለምኩት፤ ግንባሬን አስነካሁት። ኋላ አንዷ ልጅ ጽሑፉን ብታነብልኝ፣ ለካ ሕዝቡን ትንፋሽ አሳጥቶ የሚፈጅ ነው! ምን ላድርግ? ከንፈሬን ምን ላድርገው?»

«እማሆይ፣ ባለማወቅ ነው። አይቆጠርብዎትም።»

«የክርስትና ልጅዎ ደግ ያደረገቻት ደግሞ ያቺን አንድ ዓይናዋን ነው!»

«ሴቲቱ አንድ ዓይና አይደለችም።»

«አይቻለሁ እኮ የኔታ! በየገጹ አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ። ዓይኔ ቢደክምም ይህን አላጣውም። ክፉ እንዴት እንደሚሣል እኔን ያስተምሩኛል?»

ይህን ሲሉ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነልኝ።

የደብራችንን ግድግዳ የሣለው ሠዓሊ ከጎጃም የመጣ አዛውንት ነበር። በዚያን ጊዜ እኔ ከመሰላሉ ሥር ተቀምጬ የቅዱሳኑን ገድል አነብለት ነበር፤ እርሱም ከላይ ሆኖ ይሥላል። አዲስ ሰው በታሪኩ ውስጥ ሲገባ ብሩሹን ያቆምና፣ «ይህ ከየትኛው ወገን ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ከጻድቃን ወገን ነው ካልኩት ፊቱን ወደ ሕዝቡ መልሶ ሁለቱንም ዓይኖቹን ይሥላቸዋል። ከኃጥአን ወገን ነው ካልኩት ከጎን ይሥለዋል፤ አንድ ዓይን ብቻ ይሰጠዋል። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ «ክፉ በሁለት ዓይኑ ከግድግዳ ላይ እያየው ሕዝቡ እንዴት ይጸልያል?» አለኝ። ይህ የእርሱ ፈጠራ አይደለም፤ ከአባቶች የተቀበለው የአሣሣል ሥርዓት ነው። በዚያ ግድግዳ ሥር ያደገ ምእመን ሥርዓቱን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ማወቁንም አያውቅም።

እማሆይ ከሄዱ በኋላ መጽሐፉን በዚህ ዓይን እንደገና ገለጥኩት። ሴቲቱ በመርከቧ መስኮት ወደፊት ታያለች፤ ችግኙን ስትተክል አጎንብሳ ከጎን ትታያለች፤ ስትሮጥም ከጎን ነው። ሰውየው ግን ሁልጊዜ በስክሪን ላይ ስለሚወጣ ፊቱ ሙሉ ነው፤ ሁለት ዓይኖቹ አንባቢውን ትክ ብለው ያያሉ። ከራሱም በስተጀርባ አንድ ትልቅ የሳተላይት ዲሽ ቆሟል፤ ክብ ነው፤ ነጭ ነው። ለደብራችን ሰው ይህ የቅዱሳን አክሊለ ብርሃን ነው። ፊደሉን እያነበብኩ ስሄድ ጠላሁት እንጂ እኔም በመጀመሪያዎቹ ገጾች ሰውየውን ወድጄው እንደነበር ትዝ አለኝ።

ግምቴን ለማረጋገጥ በአውቶቡስ ተራ አካባቢ ወዳለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ሙስሊም ነው፤ ወላጆቹ ከስልጤ መጥተው እዚህ የኖሩ ናቸው። መጽሐፉን በሱቁ መስኮት ላይ ደርድሮ ይሸጣል፤ እርሱም አንብቦታል።

«ነጭ የለበሰውን ሰው መጀመሪያ ስታየው ምን መሰለህ?» አልኩት።

«ሌባ!»

«በምን አወቅህ?»

«የኔታ፣ እኔ ሱቅ ውስጥ ነው ያደግሁት። ምንም ሳይገዛ ያን ያህል ጥርሱን የሚያሳይ ሰው ሲገባ እጄን መሳቢያው ላይ አደርጋለሁ።»

«ሴቲቱስ? ከጎን መሣሏ አላስከፋህም?»

«ለምን ያስከፋኛል? ሥራ ላይ ናት እኮ! ያን ባጃጅ አይተውታል? ነጂው አንገቱን ወደ እርስዎ አዙሮ እያየዎት ቢነዳ ይሳፈራሉ?»

አልሳፈርም አልኩት። «እንግዲያው!» ብሎ ወደ ደንበኛው ዞረ። በዚያው መጽሐፍ ላይ፣ በአንዱ ገጽ፣ እርሱ ሌባ ያየበትን እማሆይ ጻድቅ አይተውበታል። ሁለቱም የሚያዩበትን ዓይን ካደጉበት ቤት ይዘው ነው የመጡት።

በዚህ መካከል ነገሩ ወደ ሰበካ ጉባኤው ደረሰ። ሊቀ መንበሩ ቤቴ ድረስ መጥተው አነጋገሩኝ፤ በቡና ንግድ የሚተዳደሩ፣ ለደብሩ ብዙ የደከሙ ሰው ናቸው። ጉባኤው ሁለት ነገር ሊወስን ነበር፤ መጽሐፉ ከአዳራሹ ይውጣ፣ እርሷም ለልጆች ሥዕል ማስተማሯን ታቁም። «ቅዱሳንን በመጽሐፍ የምታቃልል መምህር ልጆቻችንን ምን ልታስተምር ነው?» አሉኝ። እኔ መጽሐፉን መርምሬ በጉባኤው ፊት ቃሌን እንድሰጥ ጠየቁኝ። እሺ አልኳቸው።

የክርስትና ልጄን አስጠራኋት። በረንዳዬ ላይ ተቀምጠን፣ ዝናቡ በቡናው ቅጠል ላይ ሲወርድ እያየን፣ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። ስለ አንድ ዓይን ስነግራት ከት ብላ ሣቀች። ስለ እማሆይ ስነግራት ሣቋ ቆመ።

«እማሆይ ተሳለሙት?»

«ተሳለሙት።»

«ያ ክብ እኮ ዲሽ ነው፣ የኔታ። በእግዚአብሔር! ዲሽ ብቻ ነው። እኔ በዚያ ግድግዳ ሥር አድጌ እንዴት አላየሁትም?» ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ቆይታም፣ «ቅዳሜዬን ሊወስዱብኝ ነው?» አለች።

«ማስተካከል ይቻላል» አልኳት። «በሁለተኛው እትም የሴቲቱን ፊት ወደ እኛ መልሺው። ዓይኗ ሁለት ይሁን። ነገሩ ያበቃል።»

ከቦርሳዋ ወረቀትና እርሳስ አወጣች። ዝም ብላ መሣል ጀመረች፤ የመርከቢቱን መስኮት፣ መሪውን የያዙትን እጆች፣ ከዚያም ወደ እኛ የዞረውን ፊት። ፊቱ መልካም ፊት ነበር፤ ከግድግዳው ቅዱሳት አንስት አንዷን ይመስል ነበር። ጨርሳ ወረቀቱን ሰጠችኝ።

«ምን እያየች ነው፣ የኔታ?»

«እኛን።»

«መንገዱንስ ማን እያየላት ነው?»

ወረቀቱን እያየሁ ቆየሁ። እጆቿ ወደፊት ተዘርግተዋል፤ ዓይኖቿ ግን እኔ ላይ ናቸው። የባለሱቁ ባጃጅ ትዝ አለኝ።

«በግድግዳው ላይ ያሉት ቅዱሳን ደርሰዋል» አለች ቀስ ብላ። «ጨርሰዋል። ስለ ጨረሱ ነው ተመልሰው እኛን የሚያዩን። እርሷ ገና መንገድ ላይ ናት። ልትሳሳትም ትችላለች። ሳትደርስ የደረሰች አስመስዬ ልሣላት? ይህንንስ እርስዎ ይፈቅዱልኛል?»

በዕድሜዬ ሙሉ ያስተማርኩትን መልሳ እኔኑ ጠየቀችኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ሰው በሕይወት ሳለ ቅዱስ አይባልም፤ ሩጫው እስኪፈጸም ይጠበቃል። ይህን ልጆች ሁሉ ከእኔ ሰምተውታል፤ እርሷም በአንድ ወቅት ከእነርሱ አንዷ ነበረች።

«የሴቲቱን ፊት አልነካውም» አለች ስትነሣ። «ክቡን ግን አጠፋዋለሁ። እሱ የእኔ ስሕተት ነው። እማሆይንም ዛሬውኑ ሄጄ አያቸዋለሁ።»

«ጉባኤው ባይቀበልሽስ?»

«ያኔ አዲስ አበባ እሄዳለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ግን መሄድ የሚፈልግ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ከእማሆይ ጋር ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም፤ አልጠየቅሁም። የሰማሁት፣ ከእማሆይ ጎጆ ውስጥ ረጅም ጊዜ መቆየቷንና ስትወጣ እማሆይ እስከ በሩ ድረስ ሸኝተዋት እንደነበር ብቻ ነው።

ጉባኤው የተሰበሰበው በዚያው አዳራሽ ነው። የዕለቱ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እየጠበቅን፣ ጋብ ሲል እየተናገርን፣ ሲበረታ ዝም እያልን ተወያየን። የክርስትና ልጄ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ እማሆይ ደግሞ ምስክር ሆነው ተጠርተው ከፊት ተቀምጠዋል።

ከአባላቱ አንዱ፣ ወጣት መሐንዲስ ነው፣ «አባቶቼ፣ ይህ እኮ ኮሚክ እንጂ ድርሳን አይደለም» አለ።

«ታዲያ ከድርሳኑ ጎን መደርደሪያ ላይ ማን አስቀመጠው?» አሉት ሊቀ መንበሩ።

መሐንዲሱ ወደ መደርደሪያው ዞረ፤ ዝናቡም በረታ። ጋብ ሲል ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። «የኔታ፣ ጥያቄያችን መጽሐፉ ምን ይላል አይደለም። ምን ያሳያል ነው። ሕዝባችን ከፊደሉ በፊት ሥዕሉን ነው የሚያነበው።»

«እውነት ብለዋል» አልኳቸው። የሠዓሊውን ነገር፣ የአንድ ዓይንንና የሁለት ዓይንን ሥርዓት አስታወስኳቸው፤ ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዳንዶቹም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰሙት ሰው እርስ በርስ ተያዩ። ቀጥዬም፣ «በግድግዳችን ላይ ያሉት ቅዱሳን ሩጫቸውን የፈጸሙ ናቸው። ይህች ሴት መንገደኛ ናት። ያልፈጸመን ሰው እንደ ፈጸመ አድርጎ መሣል በእኛም ሥርዓት አይፈቀድም። ልጅቷ የሴቲቱን ፊት ያላዞረችው ሥርዓቱን ንቃ አይደለም፤ ሥርዓቱን ሳታውቀው ጠብቃ ነው» አልኳቸው።

«ሰውየውስ?» አሉ ሊቀ መንበሩ። «ክፉን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን፣ ብርሃን አልብሶ መሣል የትኛው ሥርዓት ነው?»

ለዚህ ጥያቄ ተዘጋጅቼ አልመጣሁም። ያዳነኝ ዝናቡ ነው፤ ቆርቆሮው ሲጮህ ማንም መልስ አይጠብቅም። ዓይኔን አዳራሹ ውስጥ ሳዞር እማሆይን አየኋቸው፤ ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ተቀምጠዋል። ያን ጊዜ ነገሩ መጣልኝ።

«በግድግዳችን ላይ ይሁዳ እንዴት ተሥሏል?» አልኩ ዝናቡ ሲቀንስ።

«ከጎን ነዋ» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«በአንድ ዓይን። እኛ እንድንለየው ሠዓሊው ረድቶናል። በዚያች ሌሊት ግን እንዴት ነበር የመጣው?»

ጥያቄውን ራሴ መለስኩት።

«ፊት ለፊት ነው የመጣው። ጌታንም ስሞ ነው አሳልፎ የሰጠው። ከሐዋርያት ማንም በመልኩ አልለየውም። ግድግዳው የሚያሳየን ሰው በእግዚአብሔር ፊት ምን እንደሆነ ነው። ይህ መጽሐፍ የሚያሳየን ሰው በእኛ ፊት ምን መስሎ እንደሚመጣ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሊደባለቁ ግን አይገባም፤ ስለዚህ ክቡ ይጥፋ። ልጅቷም ይህን ራሷ ብላለች።»

ሊቀ መንበሩ ወደ እማሆይ ዞሩ። ከዚያም፣ «የተበደሉት እማሆይ ናቸው። እርሳቸው ይናገሩ» አሉ።

እማሆይ ነጠላቸውን ከከንፈራቸው አወረዱ። ወደ ጉባኤው ሳይሆን በበሩ አጠገብ ወዳለችው ወደ ክርስትና ልጄ ዞሩ።

«ያቺ ሴት» አሉ፣ «የምትሄድበት ትደርሳለች?»

«ገና አልሣልኩትም፣ እማሆይ።»

«ስትደርስ ፊቷን ታዞራለች?»

«ከደረሰች ታዞራለች።»

«እንግዲያው ትድረስ» አሉ እማሆይ ለጉባኤው። «መንገደኛን ከመንገዱ አይመልሱትም። ደርሳ ፊቷን ካላዞረች ያን ጊዜ እኔ ራሴ እከሳታለሁ።»

አዳራሹ ሣቀ፤ ሊቀ መንበሩም ሣቃቸውን መያዝ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ የቀረው ክርክር አጭር ነበር። መጽሐፉ ከድርሳናቱ ጎን ተነሥቶ ለብቻው መደርደሪያ እንዲሰጠው፣ በአዳራሹ ባሉት ቅጂዎች ሁሉ ክቡ እንዲጠፋ፣ የቅዳሜውም ትምህርት እንዲቀጥል ተወሰነ። አንድ አባል አልተስማሙም፤ ስለ ነገ መሣል ከሰው ሥልጣን በላይ ነው አሉ። ሐሳባቸውን አከብራለሁ፤ እኔም በዚሁ ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስቤበታለሁ፤ ፍጹም አልተመለሰልኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ አዳራሹ ጎራ አልኩ። ልጆቹ መጽሐፎቹን ዘርግተው ከሰውየው ራስ በስተጀርባ ያለውን ክብ በጥቁር ቀለም እየሸፈኑ ነበር። አንዳንዱ በጥንቃቄ፣ አንዳንዱ የሰውየውን ጆሮ ጨምሮ ቀብቶታል። አንዱ ልጅ ሰውየውን አንድ ዓይኑን ጭምር አጥፍቶበት ተያዘ።

«ይህን ማን አዘዘህ?» አለችው መምህርቷ።

«አሁን ነዋ እማሆይ የማይሳለሙት» አላት።

ልትቆጣው ብላ ሣቀች። እማሆይም በአዳራሹ ጥግ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይገፋሉ፤ የጠፋ ዓይን እንዳለ አላወቁም።

አሁን ክፍል ሁለት እየተሣለ ነው። የተጠናቀቁትን ገጾች አይቻለሁ። ሴቲቱ በበረዶ ዓለም ትሄዳለች፤ በአንድ ገጽ ላይም የያዘችው ዘር ሊበላሽባት ይቃረባል፤ አሁንም ከጎን ናት። የመጨረሻው ገጽ ባዶ ነው። የክርስትና ልጄ ሴቲቱ ትድረስ አትድረስ ገና አልወሰነችም፤ ስጠይቃትም ትከሻዋን ትሰብቃለች። እማሆይ ግን በየቅዳሜው አዳራሹን ሲከፍቱ ከመጥረጊያቸው በፊት የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ደረሰች?» «ገና ናት፣ እማሆይ» ይባላሉ። «አይ መንገድ!» ይላሉ፤ መስኮቶቹንም ይከፍታሉ። ፊደል ያልቆጠሩት መነኩሲት የዚያ መጽሐፍ ትጉህ አንባቢ ሆነዋል ብል ሐሰት አይሆንብኝም።

መንገደኛን ሁሉ የሚጠብቅ አምላክ ይህን የምታነብ አንተን፣ የምታነቢውም አንቺን፣ በቤታችሁ ካሉት ሁሉ ጋር ይጠብቅ። ለልጆቻችሁ የሚበቅል ዘር፣ ለሽማግሌዎቻችሁ የሚያይ ዓይን፣ ለቤታችሁ በሰላም የሚከፈት በር ይስጣችሁ። መንገዳችሁን ስትፈጽሙም ፊታችሁን በደስታ ለመመለስ ያብቃችሁ፤ አሜን።